ሱቁ ሲነሣ ዱቤው ወዴት ይሄዳል?

ጉለሌ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ኮብልስቶኑ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን የመስኮቷ መዝጊያ ወደ ላይ ይነሣና በዱላ ተደግፎ ጥላ ይሆናል። ባለሱቁ መጀመሪያ የሚያወጣው ደጁ ላይ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ማታ አሳድርልኝ ብላ የሰጠችውን የሽንኩርት ጆንያ ነው። ከዚያ የዳቦው ሣጥን ይከተላል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አገጯ ከመስኮቱ ደፍ የማይደርስ ሕፃን ናት። ብር አልያዘችም። «ጋሼ፣ አራት ዳቦና ሩብ ስኳር፤ እማዬ ጻፈው በይው ብላኛለች» ትላለች። ዳቦውን ይቆጥራል፣ ስኳሩን ይመዝናል፣ ከባንኮኒው ሥር ጥግ ጥጉ የተጠቀለለ ደብተር ያወጣና አንድ መስመር ይጽፋል። ለልጅቷም አንድ ደስታ ከረሜላ ይመርቅላታል።

ደብተሩ ላይ የአባት ስም የለም፤ የቤት ቁጥርም የለም። «የመንትዮቹ እናት»፣ «ባለ አረንጓዴው በር»፣ «ሹፌሩ»፣ «ታች ቤት አስተማሪዋ» ይላል። በየስሙ ሥር ቀንና ዕቃ ተጽፏል፤ ዘይት፣ አጃክስ፣ ፓስታ፣ ሻማ። የተከፈለው በአንድ ሰያፍ መስመር ተሰርዟል። ያልተከፈለው ከገጽ ወደ ገጽ እየተገለበጠ፣ ከወር ወደ ወር ይሻገራል። ፊርማ፣ ዋስ፣ ወለድ የሚባል ነገር የለም። አብዛኛው ተበዳሪ ደብተሩን ገልጦ አይቶት እንኳ አያውቅም። ባለሱቁ «ይሄን ያህል ደርሷል» ሲለው አምኖ ይከፍላል፤ ባለሱቁም «እስከ ደሞዝ ነው» ሲሉት አምኖ ይሰጣል።

አዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት ሰፈር እያፈረሰች ሰፈር ስትሠራ የቤት ካሬ ተለክቷል፣ ይዞታ ተጣርቷል። ይህን ደብተር ግን በቆጠራው ውስጥ ያስገባ አላየሁም። በእኔ እምነት የአንድ ሰፈር ትልቁ ሀብት የሚገኘው እዚያ ደብተር ላይ ነው።

ብሩ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል

ደሞዝተኛ ብር የሚያየው በወር አንዴ ነው። የቀን ሠራተኛ ሥራ ያገኘ ዕለት ይበላል፤ ያላገኘ ዕለት ደግሞ ልጆቹ መብላታቸው አይቀርም። በእነዚህ ቀኖች መካከል ያለውን ጎደሎ የሚሞላው የሰፈሩ ሱቅ ነው። ባንክ ለአንድ ሩብ ስኳር አያበድርም። ዘመድም ቢሆን በየሳምንቱ ሲጠይቁት ይሰለቻል።

ሱቁ ዕቃውን ቆራርሶ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። የቲማቲም ድልህ በማንኪያ፣ በርበሬ በሲኒ፣ ሲጋራ በፍሬ፣ ሳሙና በግማሽ ይሸጣል። እንዲህ ሲቆራረጥ ዋጋው ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ አምስት ሊትር ዘይት በአንዴ የገዛ ሰው በትንሽ በትንሹ ከቀዳው ሰው ያተርፋል። ግን የአምስት ሊትሩን ዋጋ በአንድ ቀን ማውጣት የሚችል ቤተሰብ ቀድሞውኑ ሌላ ዓይነት ቤተሰብ ነው። ሱቁ የሚያገለግለው ዛሬ ለዛሬ የሚሆነውን ብቻ የያዘውን ነው፤ ያንንም ያልያዘውን።

ባለሱቁ ራሱም ባለዕዳ ነው። ዕቃ የሚያመጣው ከመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች ወይም በአይሱዙ ሰፈር ለሰፈር ከሚዞሩ አከፋፋዮች ነው። ከጅምላ ነጋዴው ጋር ብዙ ጊዜ የአገር ልጅ ናቸው፤ ወይም አንዱ የሌላውን አጎት ያውቃል። «ሸጠህ አምጣ» ይባባላሉ። ስለዚህ ያቺ ሕፃን ይዛው የሄደችው ስኳር ከአስመጪ ወይም ከፋብሪካ እስከ ጓዳዋ ድረስ በቃል ሲንከባለል የመጣ ነው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ትንሹ ካፒታል ያለው የመጨረሻው ሰው፣ ማለትም የሰፈሩ ባለሱቅ፣ ትልቁን አደጋ ይሸከማል። ጅምላ ነጋዴው የሚያበድረው ሱቅ ላለው ሰው ነው። ባለሱቁ የሚያበድረው ምንም ለሌለው ነው።

መደርደሪያው ከሳስቶ ድንገት አንድ ሳምንት ሞልቶ ካያችሁት ዕቁብ ወጥቶለታል ማለት ነው። በየሳምንቱ የሚጣለው የዕቁብ ብር የሱቁ ሕይወት ነው፤ እሱን ለመጣል ሲል ከምሳው የሚቀንስ ባለሱቅ ብዙ ነው። ዕጣው ሲደርሰው ከፊሉ የመርካቶ ዕዳ ይከፍላል፤ ከፊሉ በዕቃ መልክ መደርደሪያ ላይ ይወጣና በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ደብተር ላይ ይገባል።

ሱቁ የጎረቤቱንም ሥራ ይሸጣል። ከጀርባ ግቢ ያለችው እናት ሌሊት የጋገረችውን እንጀራ ጠዋት በሰፌድ ታስቀምጣለች፤ ማታ የተሸጠውን ቆጥራ ብሯን ትወስዳለች። ቆጭቆጫም ሆነ ቆሎ፣ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ነገር ሁሉ በዚያች መስኮት ይወጣል። ጉልት ቸርቻሪዋ ከፊት ለፊት መቀመጧ ሱቁን የምትሻማው ይመስል ይሆናል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሽንኩርት ሊገዛ የመጣ ዘይትም ይገዛል። ዝርዝር ሲያጥራት ከሱቁ ታገኛለች፤ ዝናብ ሲመጣ ጆንያዋን ወደ ውስጥ ታስገባለች። የከተማዋ ደንብ አስከባሪዎች ጉልት ሲያባርሩ የሚቆጥሩት አንዲት ሴት መንገድ እንደዘጋች ነው። የሚበትኑት ግን ሁለትና ሦስት ቤት የሚያስተዳድር ሥራ ነው።

ከአረብ ቤት እስከ ቆጡ

የዛሬዎቹ አዛውንቶች ሱቅን «አረብ ቤት» ሲሉ ይሰማሉ። በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባን የሰፈር ሱቅ በብዛት የያዙት የመናውያን ስለነበሩ ነው። ማለዳ ከፍተው እኩለ ሌሊት የሚዘጉ፣ የደንበኛቸውን ልጆች በስም የሚያውቁ፣ ዱቤ የሚሰጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት አብዛኞቹ አገር ለቀው ሲሄዱ ሱቆቹን በብዛት የተረከቡት ከጉራጌና ከስልጤ የመጡ ወጣቶች ናቸው።

የእነዚህ ወጣቶች ወገኖች ንግድን የጀመሩት ያኔ አይደለም። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 በቆዩበት ጊዜ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ሲመሠርቱ፣ ቀስ በቀስ ገበያውን የሞሉት እነሱ ነበሩ። መንገዱም የታወቀ ነው። ልጁ ከአገር ቤት ይመጣል፤ ጫማ ይጠርጋል፤ ከዚያ ማስቲካና ሶፍት በካርቶን አንጠልጥሎ ሱቅ በደረቴ ይሆናል። ወይም አጎቱ ዘንድ ተቀጥሮ ከባንኮኒው በላይ በተሠራው ቆጥ ላይ ይተኛል። ቆጡ ላይ የሚተኛው ልጅ የሰፈሩ ዘበኛም ነው፤ ሌሊት የቆርቆሮ ድምፅ ከሰማ የሚጮኸው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጎቱ «በቃ፣ አሁን ቻልክ» ይለውና በሌላ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ያስይዘዋል። በዚያም ለሌላ ልጅ ቆጥ ይሠራል።

ያተረፉትን ግን ሁሉ ከተማ ውስጥ አላስቀሩትም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ከነጋዴ እስከ ሊስትሮ ያዋጡትን ብር መንግሥት ካዋለው ጋር አጣምረው ወደ አገራቸው መንገድ አስገብተዋል። ከኋላ የመጡት ብዙ የልማት ማኅበራት ምሳሌ ያደረጓቸው እነሱን ነው። በየመንደሩ ዛሬ የቆሙ ትምህርት ቤቶችና የውኃ ጉድጓዶች ስንቶቹ በአዲስ አበባ ሱቆች ትርፍ እንደተሠሩ የየአካባቢው ሰው ይናገራል።

ደርግም ሱቁን ለመተካት ሞክሮ ነበር። ቀበሌዎች ኅብረት ሱቅ ከፍተው ስኳርና ሳሙና በኩፖን ያከፋፍሉ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ዕቃው ግን አይገኝም፤ ሰልፉም አያልቅም። ዱቤማ ከቶ አይታሰብም። ኩፖኑ ያላለቀ ቤተሰብ ዕቃውን ሲያጣው የሚሄደው ተመልሶ ወደ ግል ሱቁ ነበር።

የሱቁን ዋጋ ማወቅ የፈለገ ሰው በመስከረም አጋማሽ አዲስ አበባን ይዙር። መስቀል ሲደርስ ጉራጌው ባለሱቅ ለክትፎውና ለእናቱ ምርቃት አገሩ ይገባል፤ ለአረፋ ደግሞ ስልጤውና ሙስሊሙ ጉራጌ። መስኮቶች ተከርችመው ይሰነብታሉ። ያን ሰሞን ጨው ያጣች እናት ሦስት ሰፈር ታቋርጣለች፤ ደርሳም ባለሱቁ ስለማያውቃት በጥሬ ገንዘብ ትገዛለች። ከመስቀል በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ የሒሳብ ሳምንት ነው። ባለሱቁ ሠንጋ ገዝቶ ቤተሰቡን ማስደሰት ስላለበት ደብተሩን ገልጦ በትሕትና ያስታውሳል። «እትዬ፣ አገር ልገባ ነበር» ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም።

ሳይሸጥ የሚሠራው ሥራ

ሞባይል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ በየሰው እጅ እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዓመት ወስዷል። ከዚያ በፊት የብዙ ሰፈር ስልክ የሱቁ ስልክ ነበር። ከዓረብ አገር የምትደውል ልጅ ለባለሱቁ «እማዬን ጥራልኝ» ትላለች፤ ቆጡ ላይ የሚተኛው ልጅ እየሮጠ ይሄዳል። ስንቱ የምሥራች፣ ስንቱ መርዶ በዚያ ስልክ አልፏል። መርዶ ሲሆን ባለሱቁ ለሽማግሌዎች ሹክ ይላል እንጂ ለሐዘንተኛዋ አይነግርም፤ ያንንም ሥርዓት ማንም አላስተማረውም።

ዛሬም ቁልፍ የሚቀመጠው ሱቅ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ ቤት የሚጠይቀው ሱቅ ነው። የቤት ኪራይ ፈላጊ፣ ሠራተኛ ፈላጊ፣ ሚስት ሊያገባ ያሰበ ሰው የልጅቷን ጠባይ የሚጠይቀው እዚያ ነው። ሰው የሞተ ዕለት ለፋፊው ገና ሳይነሣ ባለሱቁ የመስኮቱን አንድ ክንፍ ይዘጋል። የድንኳኑ ቡናና ስኳር፣ ሻማውና የታሸገው ውኃ ሒሳብ ሳይጠየቅ ይሄዳል። ከአርባው በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ስለ ብሩ ማንሣት ነውር ነው። እሱ ራሱ የእድሩ አባል ነው፤ የሱ ሐዘን ሲመጣም ሰፈሩ አውቶቡስ ተከራይቶ አገሩ ድረስ ይሄድለታል።

ሁሉም ባለሱቅ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። ሚዛን የሚያጎድል አለ። ዘይት ሊወደድ ነው ሲባል ሰምቶ «አልቋል» የሚል፣ ማታ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሸጥ አለ። ያልወሰዱትን የሚጽፍም አይጠፋም። ግን ይህ ዓይነቱ ሰው በሰፈር ውስጥ ዕድሜ የለውም፤ ምክንያቱም የሚሸጥለት ሰው ነገም ከነገ ወዲያም ያው ሰው ነው። አንዲት እናት በቡና ላይ «ሚዛኑን እየው» ካለች የሚመጣው ጉዳት የትኛውም ተቆጣጣሪ ከሚጥልበት ቅጣት ይበልጣል።

ዱቤን የሚበላው

ዱቤ ወለድ የለውም፤ ስለዚህ የዋጋ ንረት ሲመጣ በቀጥታ የሚበላው እሱን ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ በባለሱቁ ደብተር ላይ ሲታይ እንዲህ ነው፤ በሐምሌ መጀመሪያ ለ«ሹፌሩ» ዘይት በአሮጌው ዋጋ ጻፈ። ሹፌሩ ታማኝ ሰው ነው፤ በነሐሴ መጀመሪያ በተጻፈው ዋጋ ከፈለ። ባለሱቁ ያንን ብር ይዞ መርካቶ ሲሄድ ያው ዘይት በዚያ ብር አይመጣም። ማንም አላጭበረበረም፤ ባለሱቁ ግን ከሰረ። ለ20 ቤተሰብ እንዲህ ከሆነ መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። «በክፍያው ቀን ዋጋ ይታሰብ» ብሎ መጠየቅ ደግሞ በሰፈር ቋንቋ አራጣ ነው፤ አንድም ሰው አያደርገውም። በነዚያ ወራት በብዙ ሱቆች መስኮት ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ካርቶን መሰቀሉን ከክፋት የመነጨ አድርገው ያዩት ሰዎች ተሳስተዋል።

ግብር ሰብሳቢውም ደብተሩን አያየውም። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ተቃውመው ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። ገማቹ በቀን ስንት እንደሚሸጥ ይገምት ነበር፤ ከተሸጠው ስንቱ እንደተሰበሰበ ግን አይጠይቅም ነበር።

በሌላ በኩል የስልክ ክፍያ መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ በየሱቁ መስኮት ላይ ቁጥሩ ተለጥፏል፤ ለዝርዝር ችግርም መፍትሔ ሆኗል። ከዳሽን ባንክ ጋር የተጀመረው ቴሌብር መላ ደግሞ ብድር በስልክ ይሰጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ባለሱቁም መርካቶ ሲሄድ ይጠቅመዋል። ለጠዋቱ አራት ዳቦ ግን አይተካም። የስልኩ ብድር የተበዳሪዋን የገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ ይወስናል፤ ክፍያም ያስከፍላል። ባለሱቁ ባሏ ሥራ እንደፈታ፣ ትንሿ ልጇ ታማ እንደነበር፣ ባለፈው ዓመትም እንዲህ ሆና በገና ሰሞን ጨርሳ እንደከፈለች ያውቃል። ይህ ዕውቀት በአንድ ዓመት አይገኝም።

ወደ ዋናው ነገር የሚወስደኝም ይኸው ነው። በመጋቢት 2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስ ፈረሱ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ ራቅ ያሉ ቦታዎች ሄዱ። ከዚያም በፊት የልደታና የባሻ ወልዴ ችሎት ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ብዙዎቹ የለቀቋቸው ቤቶች ጣሪያቸው ውኃ የሚያስገባ፣ ሽንት ቤታቸው የጋራ የሆነ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ የተሻለ ቤት ማግኘታቸውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ግን አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አዲሱ ቤቷ ገብታ ወደ ታች ብትወርድ ዱቤ የሚሰጣት የለም። ሰነፍ ስለሆነች ወይም ስለማትታመን አይደለም፤ የሚያውቃት ስለሌለ ነው። በአሮጌው ሰፈር 20 ዓመት ከፍላ የገነባችው ስም በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ባለሱቁም ምትክ ቦታ ቢያገኝ እንኳ ደንበኞቹ በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል፤ ደብተሩ ላይ የቀረውን ከማን ይሰበስባል? አብዛኛው ሱቅ የነበረው በቀበሌ ቤት ወይም ከአጥር በተቀጠለች ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ካርታ ተጠይቆ የሚያሳይ ባለሱቅ ጥቂት ነው።

በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያሉ የንግድ ቤቶች ሲሸጡ የኖሩት በጨረታ ነው። በጨረታ ደግሞ የሚያሸንፈው ብዙ ብር ያለው ነው፤ ሰፈሩን የሚያውቀው አይደለም። ብዙ ብር የከፈለ ሰው ያንን ብር ለማውጣት ፋርማሲ፣ ቡና ቤት ወይም ቡቲክ ይከፍታል፤ ሩብ ስኳር አይመዝንም። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ደግሞ የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ትልልቅ መደብሮች ሲመጡ ዋጋ ይቀንሱ ይሆናል፤ ለሸማቹ መልካም ነው። የእነሱ ገንዘብ ተቀባይ ግን «የመንትዮቹን እናት» አያውቃትም፤ እንዲያውቃትም አልተቀጠረም።

የከተማው አስተዳደር ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። ሰፈር ሲነሣ ነዋሪው ተመዝግቦ እንደሚሄደው ባለሱቁም ከነደንበኞቹ ተመዝግቦ ይሂድ። በአዲሱ ቦታ ከሚሠሩት የንግድ ክፍሎች ጥቂቶቹ ከጨረታ ውጪ ሆነው፣ በሚቻል ኪራይ፣ በዚያው ሰፈር ይሠሩ ለነበሩ ባለሱቆችና ጉልት ቸርቻሪዎች ይሰጡ። እድሮች አንድ ላይ እንዲሰፍሩ ተብሎ የሚነሣው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ሱቁም ከእድሩ ጋር ይቆጠር። ማፍረስ ከመጀመሩ በፊትም ባለሱቁ ዱቤውን ለመሰብሰብ፣ ተበዳሪውም ለመክፈል የሚበቃ ጊዜ ይሰጣቸው።

ከእኛ የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ የሱቁ ይከፈል። የተወደደ ዕቃ በአሮጌው ዋጋ የወሰደ ሰው ሲከፍል ትንሽ ጨምሮ «ምራቂ ነው» ቢል ባለሱቁን አያዋርደውም፤ መደርደሪያውን ያቆምለታል። ሰፈር ለቃችሁ የሄዳችሁም ብትሆኑ ደብተሩ ላይ ስማችሁ ካለ፣ መስቀል ወይም አረፋ ሳይደርስ ደውሉና ሒሳባችሁን ዝጉ።